ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ዕድሜያቸውን የሚመጥን ማበረታቻ እንዴት ይመረጣል? ዝርዝር መመሪያ ለመምህራን

ሰባተኛ ክፍል ሳስተምር በአንድ ወቅት የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ ለመጣ ሁሉ ከስሙ ትይዩ ባለቀለም ኮከብ እለጥፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ከሁሉም የበለጠ ኮከብ የነበራት ተማሪ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መምህር፣ እባክዎ የእኔን ስም ከዚያ ላይ ያንሱልኝ» አለችኝ። ምክንያቷን ስጠይቃት፣ ኮከብ በተለጠፈላት ቁጥር ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች እንደሚያሾፉባት፣ ሰሞኑንም የሠራችውን የቤት ሥራ «አልሠራሁም» ማለት እንደ ጀመረች ነገረችኝ። የስድስት ዓመት ሕፃን ሲያገኘው የሚፈነድቅበት ነገር ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቅጣት ሊሆን እንደሚችል የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ዕድሜያቸው በግምት ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ተማሪዎችን ለሚያስተምሩ መምህራን ነው። የማበረታቻ እንቅስቃሴ ስል ዕቃ ወይም ገንዘብ ማለቴ ሳይሆን፣ ተማሪዎች ስለ ጥረታቸው የሚያገኙትን ጊዜ፣ ጨዋታ፣ ምርጫ ወይም ኃላፊነት ማለቴ ነው።

በመጀመሪያ ዕድሜውን ይወቁ

አፍላ ጉርምስና ልጁ ስለ ራሱ የሚያስብበት መንገድ የሚለወጥበት ጊዜ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ኤልካይንድ በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች «ምናባዊ ተመልካች» እንዳላቸው ገልጿል፤ ይኸውም ሰው ሁሉ እነርሱን ብቻ እየተመለከተና እየመዘነ ያለ ይመስላቸዋል ማለት ነው። ስለዚህ በመድረክ ላይ ስም መጥራትና በክፍል ፊት ማስጨብጨብ ለአንዳንዱ ክብር ሲሆን ለሌላው ጭንቀት ነው። የመምህሩ ምስጋና ዋጋውን አያጣም፤ ነገር ግን የእኩዮች ዓይን ከመምህሩ ዓይን በላይ መክበድ ይጀምራል።

ከዚህ ጋር በራስ የመወሰን ፍላጎት ያድጋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የት እንደሚቀመጥ፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ፣ ከሁለት ሥራዎች የትኛውን እንደሚያስቀድም ራሱ ቢወስን ደስ ይለዋል፤ የሚያሳዝነው ግን ይህ ፍላጎት በሚያድግበት በዚያው ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቁጥጥራቸውን ማጥበቃቸው ነው። በእኔ እምነት ለዚህ ዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው ማበረታቻ የተወሰነ ነፃነት ከጓደኛ ጋር ሲሰጥ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎችም በአብዛኛው ይህን ነፃነት በሥርዓት መስጠት የሚቻልበትን መንገድ የሚያሳዩ ናቸው።

በ11 እና በ14 ዓመት መካከል ያለውን ልዩነትም መዘንጋት አይገባም። የ11 ዓመቱ ልጅ ሕግ ያለው የቡድን ጨዋታ፣ እንቆቅልሽና ውድድር አሁንም ይወዳል፤ የ14 ዓመቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም ሳያዘው ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራበትን ሃያ ደቂቃ ይመርጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ ገና ሕፃን የሚመስልና ቁመቱ ከመምህሩ የሚስተካከል ልጅ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ የሰውነት ልዩነትን የሚያጋልጡ እንቅስቃሴዎች፣ ለምሳሌ የጉልበት ውድድር፣ ዋና ወይም ወንድና ሴት ተጣምሮ የሚደረግ ጭፈራ፣ ብቸኛ አማራጭ ሆነው መቅረብ የለባቸውም።

እርምጃ 1፦ የሚበረታታውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

እንቅስቃሴውን ከመምረጥዎ በፊት ተማሪዎቹ ምን ሲያደርጉ እንደሚያገኙት በግልጽ ይጻፉ። «ጥሩ ጠባይ ማሳየት» የሚለው አገላለጽ ለዚህ ዕድሜ አይበቃም፤ ተማሪው ጥሩ ጠባይ የሚባለውን መምህሩ እንደ ስሜቱ የሚወስነው አድርጎ ይወስደዋል። «ደወል ከተደወለ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደብተር ከፍቶ ሥራ መጀመር» የሚለው ግን ተማሪውም መምህሩም በእኩል የሚያዩትና የሚቆጥሩት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች በማርከር ሥዕል መሣል የሚወዱ የቅድመ መደበኛ ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። ለመጀመሪያው ቡድን «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ» ተባለ፤ ሁለተኛው ሳይነገረው ሥዕሉን ከጨረሰ በኋላ ተሸለመ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በነፃ ጨዋታ ሰዓት ሲታዩ፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ሁለት ቡድኖች በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ኤድዋርድ ዴሲ፣ ሪቻርድ ኮስትነርና ሪቻርድ ራያን በ1999 128 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲገመግሙም፣ አስቀድሞ ቃል የተገባ ቁሳዊ ሽልማት ሰው በራሱ ፈቃድ ለሥራው ያለውን ፍላጎት እንደሚቀንስ፣ ጉዳቱም በልጆች ላይ እንደሚብስ፣ የቃል ምስጋና ግን በአጠቃላይ ፍላጎትን እንደሚያሳድግ አገኙ።

ከዚህ የምንወስደው ማበረታቻ ይቅር የሚል ትምህርት አይደለም። ተማሪዎቹ ቀድሞውኑ በሚወዱት ነገር ላይ ዋጋ አንለጥፍ፣ ማለትም መጽሐፍ ማንበብ የምትወድን ልጅ በገጽ ብዛት አንሸልማት፣ የሚል ነው። ማበረታቻ የሚጠቅመው አሰልቺ ለሆኑ ግን አስፈላጊ ለሆኑ ልማዶች፣ እንዲሁም ተማሪዎች ለሚፈሩት ከባድ ሥራ ነው፤ ለምሳሌ የላቦራቶሪ ዕቃ ወደ ቦታው መመለስ፣ የቤት ሥራን በጊዜው ማስረከብ፣ የተሳሳተ መልስን እንደገና መሥራት።

እርምጃ 2፦ ይመልከቱ፣ ከዚያም ይጠይቁ

ዴቪድ ፕሪማክ በ1959 የገለጸው መርሕ ለመምህር እጅግ ጠቃሚ ነው፦ ሰው በነፃነቱ አዘውትሮ የሚያደርገው ነገር፣ እምብዛም ለማያደርገው ነገር ማበረታቻ ሊሆን ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ለክፍልዎ የሚስማማው ሽልማት ዓይንዎ ፊት ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል በዕረፍት ሰዓትና ከክፍል በፊት ባሉት ደቂቃዎች ተማሪዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ይመልከቱና በማስታወሻ ይያዙ። ማን ኳስ ይጫወታል? ማን ጥግ ይዞ ይሥላል? ማን የጓደኛውን ጸጉር ይሠራል? ማን ብቻውን ያነባል? አንድም ቀን ከማንም ጋር ያላዩት ልጅ ካለ የእርሱን ጉዳይ ለብቻው ይመዝግቡ፤ «ከጓደኞችህ ጋር ነፃ ጊዜ» የሚለው ማበረታቻ ለእርሱ ባዶ፣ ምናልባትም የሚያም ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ይጠይቁ። እጅ በማስወጣት መጠየቅ አይመከርም፤ በዚህ ዕድሜ እጅ የሚወጣው ታዋቂው ልጅ እጁን ካወጣ በኋላ ነው። ስም የማይጻፍበት ትንሽ ወረቀት ያድሉ። «ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚለው ክፍት ጥያቄ ብቻውን ሲቀርብ ወይ ቀልድ ወይ የማይቻል ነገር ይዞ ስለሚመለስ፣ ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑ ሊፈጸሙ የሚችሉ አማራጮችን ይዘርዝሩና ሦስት እንዲመርጡ ያድርጉ። ከሥር ሁለት ጥያቄዎች ይጨምሩ፦ «እኛ ያላሰብነው ምን አለ?» እና «ከነዚህ ውስጥ ብትታዘዝ ፈጽሞ ደስ የማይልህ የትኛው ነው?» እኔ ከሁለተኛው ጥያቄ የተማርሁት ከመጀመሪያው ይበልጣል። አንድ ዓመት እጅግ ተወዳጅ ይሆናል ብዬ ያሰብሁትን የመድረክ ዝግጅት ከክፍሉ ሲሶ የሚሆነው «ፈጽሞ አልፈልግም» ብሎ ምልክት አድርጎበት አገኘሁት።

ድምፅ ሲቆጥሩ አንደኛ የወጣውን ብቻ ወስደው የቀረውን አይጣሉ። የብዙኃኑ ምርጫ ብቻ ከተፈጸመ፣ ጸጥታ የሚወዱ ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ በሌሎች ሽልማት ሲሸለሙ ይከርማሉ። ከፍተኛ ድምፅ ካገኙት አራት ወይም አምስት እንቅስቃሴዎች ቢያንስ አንዱ ጸጥ ያለ መሆኑን አረጋግጠው በየተራ እንዲፈጸሙ ያድርጉ።

እርምጃ 3፦ ዕጩዎቹን ያጣሩ

እያንዳንዱን ዕጩ እንቅስቃሴ ወስደው ራስዎን ይጠይቁ። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ይህን ሲያደርግ ታላቅ ወንድሙ ቢያየው ያፍራል? ቤተሰቡ የሚከፍለው ገንዘብ ወይም የሚገዛው ልብስ የሌለው ልጅ እኩል ይሳተፋል? በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ፣ በደንብ የማይሰማ፣ ጩኸት የሚያስጨንቀው ልጅስ? ከአንዱ እንኳ ጥሩ መልስ ካላገኙ እንቅስቃሴውን ያስተካክሉ ወይም ይተዉት።

አንዳንድ የተለመዱ ማበረታቻዎች ከነጭራሹ ቢቀሩ እመርጣለሁ። ምግብና ጣፋጭ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አለርጂ፣ የስኳር ሕመምና ጾም ያለባቸውን ልጆች ያገልላል፤ ሰውነታቸው በሚለወጥበት ዕድሜም ምግብን ከውጤት ጋር ያያይዛል። ከቤት ሥራ ነፃ የሚያደርግ ወረቀት ደግሞ የቤት ሥራ ቅጣት ነው የሚለውን እምነት መምህሩ ራሱ በፊርማው እንደ ማጽደቅ ይቆጠራል። የዕረፍት ሰዓትን ነጥቆ እንደ ሽልማት መልሶ መስጠትም ተገቢ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 ባወጣው መግለጫ ዕረፍት ለልጁ አስፈላጊ በመሆኑ ለቅጣትም ሆነ ለትምህርት ምክንያት ሊከለከል እንደማይገባ አስታውቋል። ተጨማሪ ዕረፍት ማበረታቻ መሆን ይችላል፤ የተለመደው ዕረፍት ግን የተማሪው መብት ነው።

እርምጃ 4፦ ዝርዝርዎን ያዘጋጁ

የተረፉትን እንቅስቃሴዎች ወጪያቸውና የሚወስዱት ጊዜ ከትንሽ ወደ ትልቅ በሚሄድ ቅደም ተከተል ይጻፉ። የሚከተሉት በዚህ ዕድሜ ሲሠሩ ያየኋቸው ናቸው።

ከአምስት ደቂቃ በታች የሚፈጁት በአብዛኛው የምርጫ ማበረታቻዎች ናቸው፦ ለአንድ ቀን መቀመጫ መምረጥ፣ ከጓደኛ ጋር ተጣምሮ መሥራት፣ ከአሥር ጥያቄዎች ስምንቱን መርጦ መመለስ፣ በጸጥታ ሥራ ሰዓት ዝግ ብሎ የሚሰማ ሙዚቃ መምረጥ (ግጥሙን መምህሩ አስቀድሞ ሊሰማው ይገባል)። ምንም ወጪ የላቸውም፤ ተማሪዎች ግን በጣም ይጓጉላቸዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የኃላፊነት ማበረታቻዎች ይመጣሉ። ብዙ መምህራን ኃላፊነትን እንደ ሽልማት ስለማይቆጥሩት ይህን ምድብ ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከፍ ያለ ቦታ እሰጠዋለሁ። ለታናናሽ ክፍል ልጆች መጽሐፍ ማንበብ፣ የሳይንስ ሙከራ አዘጋጅቶ ለክፍሉ ማሳየት፣ የጠዋት ማስታወቂያ ማቅረብ፣ የክፍል ውድድር ዳኛ መሆን፣ ለመምህሩ አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማስተማር ልጁ አድጎ እንደ ታየና እንደ ታመነ እንዲሰማው ያደርጋሉ። በክፍል ውስጥ ስሙ ለወቀሳ ብቻ የሚጠራ አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ሁለተኛ ክፍል ገብቶ ለአሥራ አምስት ደቂቃ እንዲያነብላቸው ስልከው፣ በዋዜማው መጽሐፉን ወደ ቤት ወስዶ ሲለማመድ እንዳመሸ እናቱ ነገረችኝ። ያን ያህል የተዘጋጀበት ፈተና አላስታውስም።

ሃያና ሠላሳ ደቂቃ የሚወስዱት የክፍል እንቅስቃሴዎች የታወቁ ናቸው፦ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የቼዝና የካርታ ጨዋታ፣ ትምህርቱን ውጭ ዛፍ ሥር መማር፣ ኳስ፣ ሥዕልና የእጅ ሥራ፣ ዝም ብሎ የማውራት ጊዜ። ግማሽ ቀን የሚፈጁትን፣ ማለትም የፊልም ዝግጅትን፣ የስፖርት ቀንንና የተማሪዎች የችሎታ ዝግጅትን፣ በወሰነ ትምህርት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ያድርጓቸው። ፊልም ሲመርጡ የዕድሜ ገደቡን ማየት ብቻ አይበቃም፤ እርስዎ ራስዎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አይተውት መሆን አለበት።

እርምጃ 5፦ መስፈርቱንና ጊዜውን ይወስኑ

ለ11 ዓመት ልጅ ከአንድ ሳምንት በላይ የሚርቅ ማበረታቻ የለም ማለት ይቻላል። ለ14 ዓመት ልጅ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት መጠበቅ ይከብድ ይሆናል እንጂ አያቅተውም። ስለዚህ ትልቁን ዝግጅት ሩቅ አድርገው፣ በመካከል ትናንሾቹን የምርጫ ማበረታቻዎች ይደልድሉ።

መስፈርቱ ተማሪዎችን እርስ በርሳቸው የሚያወዳድር አይሁን። «አንደኛ ለወጡት አምስት ተማሪዎች» የሚል ሽልማት በሁለተኛው ሳምንት አምስት ተስፈኞችንና ሠላሳ አምስት ተመልካቾችን ይፈጥራል። «ከ10 የትምህርት ቀናት በ7ቱ ሥራውን በጊዜው የጀመረ ሁሉ» የሚለው ግን ማንም ማንንም ሳይጥል ሁሉም ሊደርስበት ይችላል፤ ለታመመና መጥፎ ቀን ላጋጠመው ልጅም ቦታ ይተዋል። ፍጹምነትን የሚጠይቅ መስፈርት፣ ለምሳሌ «አንድም ቀን ሳይቀሩ»፣ ጉንፋን የያዘው ልጅ እያሳለ እንዲመጣ ያደርጋል። አንድ ጊዜ የተገኘ ነጥብም በሌላ ጥፋት አይቀነስ፤ ጥፋቱ የራሱ መፍትሔ ይፈለግለት። ማክሰኞ የለፋበት ነገር ሐሙስ ሊሰረዝ እንደሚችል ያወቀ ልጅ ማክሰኞም አይለፋም።

ውጤቱን በግድግዳ ላይ በስም አይለጥፉ። የክፍሉ የጋራ ድምር በሰሌዳ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ የግሉን ግን እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ ጀርባ ይያዘው።

እርምጃ 6፦ ያልደረሱትን አስቀድመው ያስቡ

የማበረታቻ ዕቅድ የሚመዘነው ባልደረሱት ልጆች ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መስፈርቱን ያሟሉት ፊልም ሲያዩ፣ ያላሟሉት ስድስት ልጆች በአጠገቡ ክፍል የልምምድ ወረቀት ይሠሩ ነበር። ግድግዳው ስስ ስለ ነበር ሳቁ ይሰማል። አንደኛው ልጅ እርሳሱን አስቀምጦ ወረቀቱን ወደ ታች እያየ ቀረ፤ እኔም የስም ዝርዝሩን ሳይ ስድስቱ ባለፈው ወር የቀሩት እነዚያው ስድስቱ መሆናቸውን አስተዋልሁ። ዕቅዱ ለእነርሱ ያስተማራቸው ነገር ቢኖር «ይህ የእናንተ አይደለም» የሚል ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገሮችን ለውጫለሁ። የክፍሉ የጋራ ማበረታቻ ለክፍሉ ሁሉ ነው፤ ማንም ከእርሱ አይለይም። የግል ማበረታቻው ደግሞ ቆጠራው በየሁለት ሳምንቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ አንድ ልጅ በወሩ መጀመሪያ ስለ ወደቀ እስከ መጨረሻው ተስፋ አይቆርጥም። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያልደረሰን ተማሪ ለብቻው አነጋግሬ የራሱን መነሻ እንወስናለን፦ ከ10 ቀን በ3ቱ በጊዜው ይጀምር የነበረ ልጅ ግቡ 5 ይሆናል። ሌሎች ተማሪዎች «አድልዎ ነው» ይሉ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ሁሉም የራሱን ቆጠራ በደብተሩ ስለሚይዝ ጥያቄው ተነሥቶ አያውቅም።

እርምጃ 7፦ የዝግጅቱን ዕለት ይምሩ

በዕለቱ ቢያንስ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይኑር፦ ኳስ ላልፈለገ ሥዕል፣ ፊልም ላልፈለገ መጽሐፍ። ቡድን የሚያስፈልግ ከሆነ ተማሪዎች ራሳቸው ይምረጡ ብለው አይተዉት፤ መጨረሻ ላይ ሳይመረጥ የሚቀረው ልጅ ማን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት አስቀድመው ይንገሩ፣ ከማለቁ አምስት ደቂቃ በፊትም ያስታውሱ። ስልክን በተመለከተ ዋናው ጉዳይ ፎቶግራፍ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማንንም ማንሣት እንደማይቻል ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ይነገር።

ቃል የገቡትን ይፈጽሙ። ሁለት ልጆች ስለ ተጣሉ የሠላሳ ስምንቱን ሽልማት መሰረዝ፣ ተማሪዎቹ በእርስዎ ቃል ላይ ያላቸውን እምነት ለረጅም ጊዜ ያጎድላል፤ ሁለቱንም በክፍሉ ላይ ጠላት ያደርጋል።

እርምጃ 8፦ የሚናገሩትን ቃል ይምረጡ

ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ባወጡት ጥናት፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጥያቄ ሠርተው ከጨረሱ በኋላ አንዳንዶቹ ስለ ብልህነታቸው፣ ሌሎቹ ስለ ጥረታቸው ተመሰገኑ። በብልህነታቸው የተመሰገኑት ከዚያ በኋላ የሚቀላቸውን ሥራ መምረጥ አዘወተሩ፤ ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ከወደቁ በኋላም ውጤታቸው ቀነሰ። በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ከባዱን መረጡ። ስለዚህ ማበረታቻውን ሲሰጡ «ጎበዞች ስለሆናችሁ» ከማለት ይልቅ ያደረጉትን ነገር ለይተው ይጥቀሱ፦ «በዚህ ሳምንት አምስቱንም ቀን ደወሉ ከተደወለ በኋላ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሥራ ጀምራችኋል።» ለግለሰብ ተማሪ ከሆነ ደግሞ በክፍል ፊት ሳይሆን በደብተሩ ጠርዝ ላይ በሁለት መስመር ጽፈው ይስጡት።

እርምጃ 9፦ ይመርምሩ፣ ቀስ በቀስም ይቀንሱ

በየስድስት ሳምንቱ ያንኑ ትንሽ ወረቀት እንደገና ያድሉ። በመስከረም የተወደደው ጨዋታ በጥር «የሕፃን ጨዋታ» ሊባል ይችላልና በዚህ አይዘኑ፤ ልጆቹ እያደጉ ነው። ልማዱ ከጸና፣ ማለትም ክፍሉ ሳይታወስ በጊዜው ሥራ መጀመር ከቻለ፣ ቆጠራውን ወዲያው ሳያቆሙ በየሳምንቱ የነበረውን በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም በወር አንድ ጊዜ ያድርጉት፤ በመካከሉም ሳይነገር የሚመጣ የአሥር ደቂቃ የውጭ ጊዜ ይጨምሩ። ከዚያ በኋላ ወደ እርምጃ 1 ተመልሰው፣ ክፍሉ አሁን የሚከብደው ነገር ምን እንደሆነ ከተማሪዎቹ ጋር ሆነው አዲስ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።